መንቀጥቀጥና ቡናማ ስብ፦ ሰውነት ብርድን የሚመክትባቸው ሁለት መንገዶች

መንቀጥቀጥ በዓይን ይታያል፤ ጥርስ ይንገጫገጫል፣ ትከሻ ይርገፈገፋል። ጡንቻዎች ሌላ ሥራ ሳይሠሩ እየተኮማተሩ ነዳጃቸውን ወደ ሙቀት ይለውጣሉ። በዕረፍት ጊዜ ከሚመነጨው ሙቀት እስከ 5 እጥፍ ሊያስገኝ ይችላል። ግን ያደክማል፣ የጡንቻን ግላይኮጅን (የተከማቸ ስኳር) ይጨርሳል፣ ክብሪት መጫር እንኳ ያስቸግራል። ባዶ ሆድ ሲጨመርበት ቶሎ ይዳከማል።

ቡናማ ስብ በዝምታ ይሠራል። የሚገኘው በአንገት ሥርና በአከርካሪ ግራና ቀኝ ነው። ነርቮች ኖርአድሬናሊን የተባለ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ሲለቁበት፣ በማይቶኮንድሪያው (በሕዋሱ የኃይል ማመንጫ ክፍል) ያለ ልዩ ፕሮቲን የሚቃጠለው ስብ በቀጥታ ሙቀት እንዲሆን ያደርጋል። በአዋቂ ሰው ድርሻው ትንሽ ስለሆነ፣ በብርድ ብቻ ውፍረት ይቀነሳል የሚለውን ወሬ አልቀበልም።

ለአራስ ግን ዋናው መከታ እሱ ነው፤ አራስ እንደ ትልቅ ሰው አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ «አልተንቀጠቀጠም፣ አልበረደውም» ማለት አደገኛ ስሕተት ነው። ሆዱንና ጀርባውን ዳስሱ። ከቀዘቀዘ እርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን ከእናቱ ደረት ጋር አገናኙ፣ ኮፍያ አድርጉለት፣ ከላይ ብርድ ልብስ ደርቡ፤ ካልሞቀ ወይም መጥባት ካቃተው ወደ ሐኪም ውሰዱት።

በአዋቂም የውስጥ ሙቀት ወደ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ያኔ የተሻለው ሊመስል ይችላል፤ አልተሻለውም፣ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።