በ«ቻርጅ» የተፈተኑ ሦስት ነጻ የእንግሊዝኛ ቃላት ድረ ገጾች

የተመሳሳይ ቃላት ድረ ገጽ የሚፈተነው ብዙ ፍቺ ባለው ቃል ነው። ለዚህ ደግሞ ከ«ቻርጅ» የተሻለ ቃል ማግኘት ይከብዳል። ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፣ ፖሊስ ተጠርጣሪን ቻርጅ ያደርጋል፣ ሆቴል ለቁርስ ቻርጅ ያደርጋል፣ የተቆጣ በሬ ሰው ላይ ቻርጅ ያደርጋል፣ የሥራው ኃላፊም «ኢን ቻርጅ» ይባላል። የቃሉ ሥር በላቲን ጋሪ ማለት የሆነው «ካሩስ» ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል «መጫን» የሚል ፍቺ ይዞ ነው። ባትሪ ላይ ኤሌክትሪክ፣ ሰው ላይ ክስ፣ ኃላፊነት ወይም ክፍያ ይጫናል። የበሬው ብቻ ትንሽ ራቅ ይላል።

ቴሳውረስ ዶት ኮም ከሦስቱ ፈጣኑ ነው፤ ዝርዝሩም ረጅም ነው። ፍቺዎቹን በአጭር ማብራሪያ ይከፋፍላል፤ ቀረብ የሚሉትን ቃላትም ራቅ ከሚሉት ይለያል። ሆኖም ቃላቱን ደርድሮ ይተዋችኋል። የትኛው ከየትኛው መስተዋድድ ጋር እንደሚሄድ፣ የትኛው ለምን ዓይነት ክፍያ እንደሚውል ከዝርዝሩ አታውቁም። የምታውቁት ግን የጠፋባችሁ ቃል ካለ ለማስታወስ ይጠቅማል። አዲስ ቃል ለመማር አልመክረውም።

ሜሪያም-ዌብስተር የተሻለ ሥርዓት አለው። በተመሳሳይ ቃላት ክፍሉ እያንዳንዱ ፍቺ ራስጌው ላይ አንድ ተወካይ ቃል ስለሚሰጠው፣ የፈለጋችሁት ክፍያው ይሁን ትእዛዙ ወዲያው ይለያል። ትልቁ ሀብቱ ግን ተቀራራቢ ቃላትን እርስ በርስ የሚያነጻጽረው ክፍል ነው። የክስ ቃላትን እንውሰድ፦ «አኪዩዝ» ማንም ሰው ፊት ለፊት የሚሰነዝረው ውንጀላ ሊሆን ይችላል፤ «ቻርጅ» አብዛኛውን ጊዜ ከበድ ባለ ጥፋት ላይ የሚቀርብ መደበኛ ክስ ነው፤ «ኢንዳይት» ደግሞ ከፍርድ በፊት ማስረጃ ተመርምሮ የሚመሠረት ክስ ነው። (ይህን የመጨረሻውን ስትጽፉት «ሲ» የምትባለዋን ፊደል አትርሱ፤ ትጻፋለች እንጂ አትነበብም።) ጉድለቱ ማብራሪያው ራሱ ጠንካራ እንግሊዝኛ መጠየቁ ነው። መስተዋድዱንም ለብቻው አውጥቶ አያስተምርም። «አኪዩዝ» ከ«ኦቭ»፣ «ቻርጅ» ከ«ዊዝ»፣ «ብሌም» ከ«ፎር» ጋር ይሄዳሉ፤ ግሡን ቀይሮ መስተዋድዱን እንደነበረ መተው የተለመደው ስሕተት ነው።

ኦክስፎርድ ለርነርስ ዲክሽነሪስ ለተማሪ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት እንጂ የተመሳሳይ ቃላት ስብስብ አይደለም። ያም ሆኖ እኔ ቀድሜ የምከፍተው እሱን ነው። ረጅም ገጾች ላይ ፍቺዎቹን በአጫጭር ርእሶች ይከፍላል፤ ስሙ የሚቆጠር መሆን አለመሆኑን ያመለክታል፤ ምሳሌዎቹም መስተዋድዱን ይዘው ይመጣሉ። የክፍያ ቃላትን የሚያወዳድረው ሳጥን «ሬት» በሚለው ቃል ሥር ይገኛል፤ ለብቻው እንኳ ሊነበብ ይገባዋል። ባጭሩ፦ ለጠበቃ፣ ለሐኪምና ለትምህርት ቤት የሚከፈለው «ፊ»፣ ለአውቶቡስና ለአውሮፕላን ጉዞ «ፌር»፣ በመንገድ ወይም በድልድይ ለማለፍ «ቶል»፣ ሕግ ለጣሰ «ፋይን» ነው። «ቻርጅ» ራሱ እንደ ማድረሻና ባንክ ላሉ አገልግሎቶች ሲሆን፣ ለዕቃ «ፕራይስ» ይቀድማል። ድክመቱ አማራጭ ቃል ማነሱ ነው፤ አንድን ቃል ላለመደጋገም የሚታገል ጸሐፊ እዚህ ብዙ አያገኝም።

ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በቅደም ተከተል መጠቀም ይሻላል። መጀመሪያ ኦክስፎርድ ላይ ፍቺውን ለዩ፤ ከቃሉ በኋላ የሚመጣውን መስተዋድድና ስም ጻፉ። ቀጥሎ ሜሪያም-ዌብስተር ላይ በዚያው ፍቺ ሥር ካሉት ሁለት ወይም ሦስት ቃላት ምረጡ። በመጨረሻ የመረጣችሁትን ቃል መልሳችሁ ኦክስፎርድ ላይ ፈልጉና ምሳሌው ከእናንተ ዓረፍተ ነገር ጋር መመሳሰሉን እዩ። ይህን ሦስተኛ እርምጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ስሕተቱም የሚገባው እዚያ ነው።

ድረ ገጽ ብቻውን የማያድናችሁ ቦታዎችም አሉ። «ቻርጅድ ዊዝ» ሁለት ተቃራኒ ስሜት አለው፦ በስርቆት ከሆነ ተከሰሰ፣ ስብሰባ በማዘጋጀት ከሆነ ኃላፊነት ተሰጠው። ለመጀመሪያው «አኪዩዝድ ኦቭ»፣ ለሁለተኛው «ኢንትረስትድ ዊዝ» ይተካዋል። ከኋላው የሚመጣው ግሥ በ«ኢንግ» ማለቁም አይለይላችሁም፤ ጠጥቶ ማሽከርከርም በዚያው ቅርጽ ይመጣልና። ድርጊቱ ወንጀል ነው ወይስ ሥራ የሚለውን ተመልከቱ። «ኢን ቻርጅ ኦቭ» አዛዡን ሲያመለክት፣ «ዘ» ገብታበት «ኢን ዘ ቻርጅ ኦቭ» ሲሆን ደግሞ በሌላው ጥበቃ ሥር ያለውን ያመለክታል። አንዲት ትንሽ ቃል ነርሷንና ሕፃኑን ታቀያይራለች።

ለባትሪው ተመሳሳይ ቃል ባትፈልጉ ይሻላል። «ፊል» እና «ሎድ» ለስልክ አይሆኑም፤ «ፕላግ ኢን» ሶኬት ላይ መሰካቱን ብቻ ይናገራል። «ቻርጅ»ን መድገም ነውር አይደለም፤ ካስፈለገም «ሪቻርጅ» አለ።

ተቃራኒ ስትፈልጉ ደግሞ «ዲስቻርጅ» ለሁሉም ይሠራል ብላችሁ አትመኑ። ባትሪ ኃይሉን ሲለቅ፣ ታካሚ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ወታደር ሲሰናበት ይሆናል። ዐቃቤ ሕግ ክሱን ሲያነሳ ግን ግሡ «ድሮፕ» ነው፤ ዳኛው ሲዘጋው «ዲስሚስ»።