ባለ አንድ ደርብ ወይስ ባለ ሁለት ደርብ ዌክስኬት? ቦርድ ልትቀይሩ ላሰባችሁ

ዌክስኬት በገመድ እየተጎተታችሁ ውሃ ላይ ቆማችሁ የምትንሸራተቱበት ቦርድ ነው። እግር ከሚታሰርበት ከዌክቦርድ በተለየ እግር የሚያስር ነገር የለውም፣ በጫማ ዝም ብሎ መቆም ነው፣ ስለዚህ ቦርዱ ትንሽ ከተቀየረ እግር ወዲያው ያውቀዋል። ከለመዱት ቦርድ ወደ ባለ ሁለት ደርቡ የሚሄዱ ብዙ ሰዎችም መጀመሪያ ላይ ግራ የሚጋቡት ለዚህ ነው፣ ቶሎ ተስፋ ባትቆርጡ ደስ ይለኛል ምክንያቱም ከተለመደ በጣም ያስደስታል።

ባለ አንድ ደርቡ ያው አንድ ወጥ ቦርድ ነው፣ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 115 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ባለ ሁለት ደርቡ ግን ውሃው ላይ የሚንሸራተተው የታችኛው ነው፣ እናንተ የምትቆሙት ክፍተት ተትቶ ከላይ በተገጠመው ላይ ነው፣ የሱም ሁለቱ ጫፎች እንደ ስኬትቦርድ ቀና ያሉ ናቸው።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ኦሊ ላይ ነው፣ ማለትም ጅራቱን (የቦርዱን የኋላ ጫፍ) ረግጣችሁ ከነቦርዱ ስትዘሉ። ውሃ እንደ አስፋልት አይደለም፣ በባለ አንዱ ጅራቱን ስትረግጡት ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ በባለ ሁለቱ ግን የላይኛው ጅራት ከውሃው ከፍ ስላለ ወደ ታች የምትረግጡበት ቦታ አላችሁ፣ አፍንጫው (የፊት ጫፉ) ቶሎ ይነሳል፣ ስኬትቦርድ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ እግሩ የሚያውቀው ነገር ነው።

ችግሩ ከፍ ብላችሁ ስለምትቆሙ ቦርዱ ወደ ጎን ቶሎ ያጋድላል፣ ክብደቱም ይጨምራል። እና በመጀመሪያ ጉልበት ሰበር፣ የኋላ እግር ከጅራቱ ጫፍ ገባ ይበል፣ እዛው ጫፉ ላይ ከተዋችሁት ገመዱ ሲጎትት አፍንጫው ይነሳና በጀርባ ነው የምትወድቁት። ቦርዱን በጠርዙ ለመንዳት ስታጋድሉም በቀስታ፣ የድሮውን ያህል መጫን አያስፈልገውም። ትሪኩን ተዉትና ዝም ብላችሁ ወዲያ ወዲህ ንዱት፣ ከዛ ኦሊውን ማዕበል በሌለበት ጠፍጣፋ ውሃ ጀምሩ።

ላዩን በተመለከተ ግሪፕ ቴፕ (እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ የሆነ ልጣፍ) እግር በደንብ ይይዛል ግን ጫማ ይበላል፣ ቅልጥምም ይልጣል፣ ፎም (ስፖንጅ መሰል ንጣፍ) ለስለስ ያለ ነው፣ በባዶ እግርም ይሆናል። እንጨት ከሆነ ጠርዙን እዩት፣ ተፈንክቶ እንጨቱ ከታየ ውሃ ይገባና ያብጣል፣ በደንብ አድርቆ በኢፖክሲ ሙጫ መድፈን ነው። የሁለቱን ደርብ ማያያዣ ብሎኖች ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት በእጅ ነካ ነካ አድርጉ፣ ከላላ ቦርዱ ይንቀጫቀጫል፣ ክፍተቱ ውስጥ የገባ አሸዋም ካለ በውሃ አስወጡት።

እኔ የምለው፣ ጀማሪ ከሆናችሁ ወይ ከጀልባ ኋላ ማዕበል እየቆረጣችሁ መንዳት ከሆነ የምትወዱት ባለ አንድ ደርብ ከነፎሙ ግዙ። የምትጎተቱት በኬብል (ከላይ በተዘረጋ ገመድ) ወይ በዊንች (ገመድ በሚጠቀልል ሞተር) ከሆነና ልባችሁ ኦሊና ሻቪት (ቦርዱን ከእግር ስር ማዞር) ላይ ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ባለ ሁለቱን፣ ከተቻለ መጀመሪያ ከሰው ተውሳችሁ ሞክሩት፣ ስትሞክሩ ግን አንድ ዙር ብቻ ነድታችሁ አትፍረዱ።