አሬካ ፓልሜ ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ፦ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ

አሬካ ፓልሙን የገዛሁት መስከረም 2017 ላይ ነው፤ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ፣ በ1,800 ብር። ያኔ ቁመቱ እስከ ወገቤ ነበር። አሁን ታህሳስ 2018 ትከሻዬን አልፏል፣ ከሥሩም ሦስት አዲስ ግንድ አውጥቷል። በጣም እወደዋለሁ። መሀል ላይ ግን ሊሞትብኝ ነበር። ብዙ ሰው ቤት ተመሳሳይ ነገር ስለማይ፣ የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ።

ሰው ሁሉ ዘንባባ ይለዋል። ልክ ነው፣ ወገኑ ዘንባባ ነው፤ ግን በሆሳዕና ቀለበት ሠርተን ጣታችን ላይ የምናደርገው የአገራችን ዘንባባ አይደለም። አሬካ የማዳጋስካር ተክል ነው፣ ሙቀትና እርጥብ አየር ይወዳል። እኛ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከተማ፣ በጋ ሲሆን ቀኑ ደረቅና አቧራ፣ ሌሊቱ ብርድ በሆነበት ሳሎን ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ያጋጠመኝ ችግር አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ አፈሩ ነው። የተሸጠልኝ ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ የነበረው ንጹህ ዋልካ ነበር። ላዩ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ታቹ ጭቃ ነው። ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ከአፈሩ እየተነሱ ሻይ ብርጭቆዬ ውስጥ ይገቡ ጀመር። ገልብጬ ሳየው የታችኛው ሥር ቡናማ ሆኖ ለስልሷል። የበሰበሰውን ቆርጬ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ደቀቅ ያለ ሬድ አሽ ቀላቅዬ እንደገና ተከልኩት። ሬድ አሽ ለመንገድና ለግቢ የሚደፋው ቀዩ ድንጋይ ነው፤ ውሃ አያቁርም፣ ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። መትከያው ታቹ ቀዳዳ ያለው ይሁን፣ ከድሮው ብዙም አይተልቅ። ከዚያ በኋላ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እከታለሁ፤ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ደርቆ ካላገኘሁት ውሃ አላጠጣም። ዝንቦቹ በሦስት ሳምንት ጠፉ።

ትልቁ ችግር የመጣው ጥር ላይ ነው። ቅጠሉ መፍዘዝ ጀመረ፣ አሸዋ የተረጨበት ይመስል ትንንሽ ቢጫ ነጠብጣብ ሞላው። ጠምቶት ነው ብዬ ውሃ ጨመርኩ። አልተሻለውም። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ገልብጬ ሳየው፣ ከታች በኩል ስስ ድር አየሁ። ነጭ ወረቀት ከታች ይዤ ቅርንጫፉን መታ መታ አደረግሁት፤ ወረቀቱ ላይ ከስኳር ቅንጣት የሚያንሱ ነጥቦች ወደቁና መሄድ ጀመሩ። ስፓይደር ማይት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው። ደረቅ አየርና አቧራ ሲያገኝ ይራባል።

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። አንድ ሱቅ «ሁሉንም ይገድላል» ተብሎ የተሸጠልኝን የነፍሳት መድኃኒት ልጄ በሚጫወትበት ሳሎን ሁለት ጊዜ ረጨሁ። ሽታው ሁለት ቀን አልወጣም። ተባዩ ግን ባሰበት። ምክንያቱን የተረዳሁት በኋላ ነው፤ ማይት ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ እንጂ ነፍሳት አይደለም። ብዙዎቹ የነፍሳት መድኃኒቶች እሱን ትተው እሱን የሚበሉትን ይጨርሳሉ። አንዳንድ የጽጌረዳ እርሻዎቻችን እንኳ ይህንኑ ተባይ የሚከላከሉት፣ እሱን የሚበላ ሌላ ማይት በመልቀቅ ነው። እባካችሁ፣ ለእርሻ የተሠራ መርዝ ሳሎን ውስጥ አትርጩ።

ያዳነው ውሃ ነው። ውሃ በሚመጣበት ቀን ሻወር ቤት አስገባዋለሁ፣ አፈሩን በፌስታል እሸፍነዋለሁ፣ ከዚያ የቅጠሉን ሁለቱንም ገጽ፣ በተለይ ታቹን፣ ጠንከር ባለ ውሃ አጥባለሁ። ቀጥሎ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጬ እረጫለሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ አለቀልቀዋለሁ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም፣ ቅጠል ያቃጥላል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩት፣ ፀሐይ እያረፈበትም አትርጩ። ዋናው ነገር መድገም ነው። እንቁላሉ በእጥበት አያልቅም፣ ከቀናት በኋላ ይፈለፈላል፤ አንድ ጊዜ አጥቦ የተወ ሰው ምንም አልሠራም። እኔ በየአምስት ቀኑ ለአንድ ወር ቀጠልኩ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ንጹህ ሆነ።

ነሐሴ ላይ ደግሞ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ጥግ ጥጥ የሚመስል ተባይ አገኘሁ። 70 በመቶ አልኮል በጥጥ ነክሬ አንድ በአንድ ጠረግሁት፣ በሁለት ሳምንት አለቀ።

የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ እየሆነ መድረቁ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልቆመም። ግን ክረምቱን የዝናብ ውሃ በባልዲ እያጠራቀምኩ ሳጠጣው፣ አዲስ የወጡት ቅጠሎች ጫፋቸው አልደረቀም። የቧንቧ ውሃና ማዳበሪያ የሚተዉት ጨው ይጎዳዋል። ቢጫ የሆነውን የታች ቅርንጫፍ ግን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አልቆርጥም፤ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ፖታሲየም እየሳበ ለአዲሱ ይሰጣል። የግንዱን አናት ደግሞ በፍጹም አትቁረጡ። እያንዳንዱ ግንድ የሚያድግበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ ከተቆረጠ ያ ግንድ አለቀ።

ሻጩ «አየር ያጠራል» ብሎኝ ነበር። ወሬው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ከወጣ የናሳ ጥናት ነው፤ ያ ግን በታሸገ ሳጥን ውስጥ የተደረገ ሙከራ ነው። አንድ ተክል የሳሎን አየር አይለውጥም። ለአረንጓዴነቱ ግዙት፣ እሱ ይበቃል።

ድመት ወይም ውሻ ላላችሁ፦ አሬካ መርዝ የለውም። «ፓልም» እየተባለ የሚሸጠው ሳጎ ግን ከዘንባባ ወገን አይደለም፣ ለእንስሳት አደገኛ መርዝ አለው። ስትገዙ ስሙን ለዩ።

ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ? አዎ። ብርሃን ያለው፣ ግን የቀትር ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ካላችሁ እናንተም ግዙ። ቤታችሁ ጨለማ ከሆነ ይቅርባችሁ። ስትገዙ ግን ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ሻጩ ፊት ቅርንጫፉን መታ መታ አድርጉ። እኔ አሁን ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ እወለውልና ወረቀቱን ከታች እይዛለሁ። ያለፈው ሳምንት ሁለት ነጥብ ሲሄድ አየሁ። ወዲያው ሻወር ቤት አስገባሁት፣ ነገ ሁለተኛው እጥበት ነው።