መሪዋ የሚዋልል ላንድክሩዘር ላላችሁ፦ ሦስተኛው ጋራዥ ምን አደረገ?

መኪናዬ 80 የምንላት ላንድክሩዘር ናት፣ በፈረንጅ 1994 የተሠራች፣ 4.2 ናፍጣ። ሞተሯ ዛሬም አንበሳ ነው። መሪዋ ግን ሊያሳብደኝ ነበር። ከተማ ውስጥ ምንም አያስታውቅም። የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ ከ80 ሳልፍ ግን ወደ ግራ ትሄዳለች፣ እመልሳታለሁ፣ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ እመልሳታለሁ፤ ከባድ መኪና በጎኔ ካለፈማ ንፋሱ ብቻ ከመስመሬ ያወጣኛል። ባለቤቴ አንድ ቀን «ጠጥተሃል እንዴ?» አለችኝ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሳያይ አዲስ የመሪ ሾክ አስገዛኝ። ለውጥ የለም። ሾኩ የመሪ መንቀጥቀጥን ያለዝባል እንጂ የላላ ነገር አያጠብቅም፤ ይህን ያወቅኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ሁለተኛው የመሪውን ሳጥን ብሎን አጠበቀልኝ። ባሰበት! መሃል ላይ ያዝ ማድረግ ጀመረ፣ ከታጠፍኩ በኋላም እኔ ካልመለስኩት አይመለስም።

ሦስተኛው ጎፋ አካባቢ ነው፣ ምልክት እንኳን የሌለው ግቢ። ለምርመራ ብቻ 1,500 ብር ሲሉኝ ልወጣ ነበር። ሽማግሌው መካኒክ መጀመሪያ የጠየቁኝ «የጎማህ ንፋስ ስንት ነው?» ብለው ነው። አላውቅም። ሲለካ የፊቶቹ አንዱ 38፣ አንዱ 30። አፈርኩ። ሁለቱ ጋራዦችም አለማየታቸው ግን አይገርምም?

ንፋሱን ካስተካከሉ በኋላ መኪናዋ ጉድጓዱ ላይ ቆመች። ሞተሩ እንደበራ፣ ጎማዎቹ መሬት እንደረገጡ፣ ልጁ መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ያደርጋል። እሳቸው ከታች ሆነው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጃቸው ይዳስሳሉ። ታይሮዶቹ፣ ማለትም መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች፣ ደህና ናቸው። ከዚያ «ና ውረድ፣ ራስህ እየው» አሉኝ። ከሻሲው ወደ ፊት አክስሉ (ሁለቱን የፊት ጎማዎች የያዘው ወፍራም ብረት) አግድም የሚሄድ ዘንግ አለ፤ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። የአንዱ ጫፍ ጎሚኒ (ብሎኑ የሚያልፍበት ላስቲክ) ተበልቶ አልቋል። ልጁ መሪውን በነካ ቁጥር ጎማው ከመዞሩ በፊት አክስሉ ራሱ ቀጭ ብሎ ወደ ጎን ይሄዳል። ሁሉም ነገር አቧራና ዘይት ለብሶ ብሎኑ የሚፋተግበት ቦታ ብቻ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ለካ እኔ መሪ ስይዝ የኖርኩት አክስል ስገፋ ነው!

በዚህ አላበቁም። ፊቷን በክሪክ አነሱና የግራውን ጎማ ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁት። ይጫወታል። እኔ የጎማው ኩሽኔታ ነው ብዬ ደመደምኩ። «ቆይ» ብለው ልጁን ፍሬን አስረገጡት። የጎማው ኩሽኔታ ቢሆን ፍሬን ሲያዝ ጨዋታው ይጠፋ ነበር፤ አልጠፋም። ስለዚህ ጎማው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ከላይና ከታች ያሉት ትንንሾቹ ኩሽኔታዎች ናቸው። ሲከፈት ዘይት የሚያግደው የውስጡ ላስቲክ አፍስሶ ግራሶው ከአክስል ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሾርባ ሆኗል።

ዕቃውን ሶማሌ ተራ ራሴ ገዛሁ። ጎሚኒውን ሁለት ጊዜ አስመለሱኝ፣ «ይሄ ስድስት ወር አይቆይም» ብለው። አናደዱኝ፣ ግን ልክ ነበሩ፣ ሦስተኛው ላይ ጣት ሲጫነው ልዩነቱ ለእኔም ታወቀኝ። ሁለተኛው ጋራዥ ያጠበቀውን ብሎንም ወደ ቦታው መለሱት።

የማይመቸውን ልናገር። ስልክ አያነሱም። ነገ ይደርሳል ያሉት አራት ቀን ፈጀ። መቀመጫ የለም፣ ደረሰኝም ለምኜ ነው ያገኘሁት። ለሚቸኩል ሰው አይሆንም። ሥራው ላይ ግን ከአምስት አምስት ሰጥቻለሁ፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ዕቃ ሲሸጡልኝ እሳቸው የሸጡልኝ ማየት ነው።

ባለፈው ሳምንት በ100 ሄድን። ባለቤቴ ሞጆ እስክንደርስ ተኛች። ትንሽ መዋለል ግን ቀርቷል፤ የቀድሞው ባለቤት መኪናዋን ከፍ ለማድረግ ረጅም ሞላ አስገብቶ የፊት አክስሉ ዘንበል ስላለ ነው አሉኝ። እንዲህ ዓይነቱ አክስል ላይ አላይመንት ቤት የሚያስተካክለው የጎማዎቹን ፊት ለፊት አቅጣጫ ብቻ ነው፣ ይህኛው ሌላ ዓይነት ጎሚኒ ይፈልጋል። ዱባይ ያለው ወንድሜ ሲመጣ ይዞልኝ ይመጣል።