ባንኮክ ላይ ማህተሜ ሲሳሳት የደረሱልኝ የጠባሴ ልጆች

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ያለችውን ትኬትና ቪዛ የምትሰራ ትንሽ ቢሮ ከልቤ ነው የማመሰግናት። እናቴን ለህክምና ባንኮክ ይዣት ሄጄ ቪዛችን የ60 ቀን ቱሪስት ሆኖ እያለ እኔ ፓስፖርት ላይ የተመታው ማህተም 15 ቀን ብቻ ነው የሚለው፣ የሷ ግን ልክ ነበር፣ ያየሁት ደግሞ ሆቴል ገብቼ ነው፣ በጣም ደነገጥኩ። እዛ ማታ 3 ሰዓት እዚህ ገና 11፣ የማህተሙን ፎቶ በቴሌግራም ለቢሮዋ ሰራተኛ ላኩላት፣ ልጅቷ ወዲያው "እህቴ ቀኑ እስኪያልፍ እንዳትጠብቂ፣ ካለፈ በቀን 500 ባት ቅጣት አለው፣ በእስክሪብቶም እንዳትነኪው፣ ቪዛሽን ይዘሽ ወደገባሽበት ኤርፖርት ኢሚግሬሽን ተመለሺ" አለችኝ። በማግስቱ ሄድኩ፣ አስተካክለው ፈረሙበት። የሰርቪስ ክፍያቸው ወደድ ይላል ግን ትኬት ከሸጡ በኋላም ስልክ ያነሳሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ናቸው።