ታጥፎ የማይቆይ ታጣፊ ብስክሌት፦ ዘጠኝ ወር በፈረንሳይ ባቡሮችና በወንዝ ዳር መንገዶች

ባለፈው ሐምሌ ከሊዮን ወደ ፓሪስ ስሄድ በፈጣኑ ባቡር ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ተጓዝኩ። ወንበር አጥቼ አይደለም፤ ቁጥሩ ትኬቴ ላይ ተጽፏል፣ ወንበሩም ባዶ ነበር። የቆምኩት ብስክሌቴን ለመያዝ ነው። አጥፌ ከደረጃው ሥር ባለው የሻንጣ ማስቀመጫ ያኖርኩት ታጣፊ ብስክሌት ባቡሩ ከፓር ዲዩ ጣቢያ ወጥቶ ገና ፍጥነት ሳይጨምር በራሱ ተዘረጋ። የፊት ጎማው ወደ መተላለፊያው ወጣና የአንዲት አዛውንት እግር ለጥቂት ሳተ። ይቅርታ ጠይቄ መልሼ አጠፍኩት። በሚቀጥለው ኩርባ ደገመ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ተቆጣጣሪው መጣና «ጌታዬ፣ እንዲህ ከሆነ ሰው ይጎዳል፤ እባክዎ በእጅዎ ይያዙት» አለኝ። ልክ ነበር። ያዝኩት። ፓሪስ እስክንገባ ድረስም አልለቀቅኩትም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ሁለት ሰዓት ምክንያት ነው። ብስክሌቱን የገዛሁት በመጋቢት ሲሆን አሁን ታኅሣሥ ገብቷል። 1,150 ዩሮ ከፍዬበታለሁ። ጎማው 20 ኢንች ነው፣ ባለ 8 ማርሽ ነው፣ አሥራ ሦስት ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ማርሹና ስለ ኮርቻው ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁሉም ሥራቸውን ይሠራሉ። ካቴናውን ዘይት እቀባዋለሁ፤ በዘጠኝ ወር አንድ ጊዜ ካላማዳሪ ቀይሬያለሁ። የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ ሲታጠፍ ሁለቱን ጎማዎች አንድ ላይ ይዛ ማቆየት ስላለባት ማግኔት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብስክሌቱ ወገቡ ላይ ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማው ጎን ለጎን ይመጣሉ። በአንዱ ጎማ መሐል አጠገብ ክብ ማግኔት፣ በሌላው ትይዩ ደግሞ ብረት ተበይዷል። ሁለቱ ሲገናኙ «ቀጭ» ብለው ይጣበቃሉ። ሱቁ ውስጥ፣ በለሰለሰው ወለል ላይ፣ ሲያዩት ያስደስታል። ነገር ግን ማግኔት ፊት ለፊት ሲጎትቱት እንጂ ወደ ጎን ሲገፉት አይጠነክርም፤ ይንሸራተታል። በሁለቱ መካከል የጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ከተፈጠረም ኃይሉ ወዲያው ይወድቃል። ባቡር ደግሞ ምን ያደርጋል? ተሳፋሪውንም ዕቃውንም ወደ ጎን ያወዛውዛል። ስለዚህ ይህ መያዣ የሚከሽፈው በተለይ ሊያገለግልበት በታሰበው ቦታ፣ በባቡር ውስጥ ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ብስክሌቱን የሠራው ሰው አንድ ቀን ከዕቃው ጋር ባቡር ቢሳፈር ይበቃው ነበር።

ለመሆኑ ለምን ታጣፊ ገዛሁ? ፈረንሳይን በብስክሌትና በባቡር ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጋጨው ቴዤቬ ከሚባለው ፈጣን ባቡር ጋር ነው። ሙሉ ብስክሌት ይዞ ለመሳፈር በአንዳንዶቹ ባቡሮች ላይ ብቻ ያለውን፣ ቁጥሩም ጥቂት የሆነውን ቦታ አስቀድሞ በክፍያ መያዝ ያስፈልጋል። ጎማው ተፈትቶ 130 በ90 ሴንቲሜትር በሆነ ከረጢት ውስጥ ከገባ ወይም ታጣፊው ከታጠፈ ግን እንደ ሻንጣ ይቆጠራል፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ቴኤር በሚባሉት የክልል ባቡሮች ላይ ሙሉ ብስክሌት በአብዛኛው በነጻ ይሄዳል፤ ቦታ ካለ ነው ታዲያ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የባቡር ተሳፋሪዎች መብት ደንብ በአዳዲስ ባቡሮች ላይ ቢያንስ 4 የብስክሌት ቦታ እንዲኖር ይጠይቃል። አራት! በሐምሌ ቅዳሜ በሎዋር ወንዝ ዳር ያሉትን ጣቢያዎች ያየ ሰው አራት ቦታ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እኔ 1,150 ዩሮ የከፈልኩት ለፍጥነት አይደለም፣ ለውበትም አይደለም፤ ከዚያ ሰልፍ ለመውጣት ነው። የገዛሁት መታጠፉን ነው። ታጥፎ ካልቆየ ምን ገዛሁ?

ሻጩ ይህን ቢያነብ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ብስክሌቱ በ15 ሰከንድ ይታጠፋል ብለን ነው የሸጥንልህ፤ አይታጠፍም?» ይለኛል። ይታጠፋል። በ15 ሰከንድ ታጥፎ በ20ኛው ሰከንድ የሚዘረጋ ዕቃ ግን ታጠፈ አይባልም። «ከረጢቱን ለብቻ እንሸጣለን፤ እሱን ብትገዛ ኖሮ ችግሩ አይፈጠርም ነበር» ይለኛል። በር ሠርቶ መቀርቀሪያውን ለብቻ የሚሸጥ አናጢ አይቼ አላውቅም። «ሌሎች ደንበኞች አላማረሩም» ይላል ደግሞ። ሌሎቹ ደንበኞች በመኪናቸው ኋላ አስተኝተው የሚወስዱት ይሆናል፤ እኔ መኪና የለኝም፤ ያለኝ የባቡር ትኬት ነው። ይህንንም በገዛሁበት ቀን ነግሬዋለሁ።

ወደ ሱቁ ስመለስ በእርግጥ የተባልኩት «ማግኔቱ በአጠቃቀም የሚያልቅ ክፍል ስለሆነ ዋስትና አይሸፍነውም» ነው። እዚህ ላይ በፈረንሳይ የምትኖሩ ወገኖቼ ልብ በሉ። የፈረንሳይ ሕግ ነጋዴ ለተጠቃሚ የሚሸጠው አዲስ ዕቃ ከርክክብ ቀን ጀምሮ የ2 ዓመት ሕጋዊ ዋስትና እንዲኖረው ያስገድዳል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የታየ ጉድለት ዕቃው ሲሸጥ ጀምሮ እንደነበረ ይቆጠራል፤ አልነበረም የሚል ሻጩ ያስረዳ። በዚህ ዋስትና የተጠገነ ዕቃም ዋስትናው በ6 ወር ይራዘምለታል። ይህን በወረቀት ጽፌ፣ ደረሰኙን አያይዤ ስሰጣቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ ማግኔቱን ያለ ክፍያ ቀየሩት። አምስት ሳምንት ሠራ። እንደገና ቀየሩት። ሁለተኛው አንድ ወርም አልሞላም። የሚቀይሩልኝ ያንኑ ማግኔት ስለሆነ ውጤቱም ያው ነው።

ወደ ሐምሌው ጉዞ ልመለስ፤ በዚያው ቀን ብስክሌቱን መጥላትም መውደድም ደርሶብኛልና። ፓሪስ ውስጥ ጋር ደ ሊዮን በሚባለው ጣቢያ ስወርድ ክንዴ ዝሎ ነበር። ከዚያ የኦርሌያን ባቡር ወደሚነሳበት ወደ ጋር ዶስተርሊትስ ጣቢያ መሻገር ነበረብኝ። ሌላው ሰው ከነሻንጣው ወደ ሜትሮ ደረጃ ሲወርድ እኔ ብስክሌቱን ዘርግቼ የሻርል ደ ጎል ድልድይን ተሻገርኩ። ሴን ወንዝ ከሥሬ ነው፤ ነፋሱ ፊቴን ይዳስሳል፤ ከአንዱ ጣቢያ በር እስከ ሌላው ጣቢያ በር የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ከሁለት ሰዓት ቁጣ በኋላ እነዚያ አምስት ደቂቃዎች እንዴት እንዳለሰለሱኝ መግለጽ አልችልም።

ከኦርሌያን እስከ ቱር በሦስት ቀን ሄድኩ። የሎዋር ብስክሌት መንገድ ከኔቬር አካባቢ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል፤ እኔ የቀመስኩት ጥቂቱን ነው። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ምልክቱ አያሳስትም፣ ትንሹ ጎማ በአስፋልቱ ላይ ምንም አላስቸገረኝም። የፈረንሳዩ ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1519 ያስጀመረው የሻምቦር ቤተ መንግሥት ከጫካው መሐል ብቅ ሲል ወርጄ በእግሬ ገፋሁት፤ እየጋለቡ ማለፍ ድፍረት መሰለኝ። አምቧዝ ላይ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የተቀበረበትን ትንሽ ጸሎት ቤት ተሳለምኩ። በየመንደሩ ሰው አቁሜ «ላ ጋር» (ባቡር ጣቢያው) የት ነው ብዬ በጠየቅኩ ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር ውስጤን ይነካኝ ነበር። አዲስ አበባ ለገሃር የምንለው ይኸው ቃል ነው፤ ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የዘረጉት ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ከእነርሱ አፍ የቀረልን። እኔ ቃሉን ከአያቴ የተማርኩት ስለ ባቡር አንዳች ሳላውቅ ነው።

ስመለስ ቱር ጣቢያ ላይ ከአሥር የማያንሱ ሰዎች ብስክሌታቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ባቡሩ መጣ፤ ጥቂቶቹ ገቡ፤ አንድ አባትና ሁለት ልጆቹ ከነሙሉ ጓዛቸው ቀሩ። እኔ አጥፌ ገባሁ። በዚያች ቅጽበት ለገንዘቤ አልቆጨሁም። ከዚያ ባቡሩ ተነሳ፣ ማግኔቱም ተላቀቀ፤ ጉዞውን እንደገና ቆሜ ጨረስኩት።

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅኩት ቦታ ነው። ሊዮን ውስጥ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቡና የምንጠጣበት ቤት አንድ የባሕር ዳር ሰው ይመጣሉ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው እዚያው ባሕር ዳር፣ ሰው ሁሉ በብስክሌት በሚሄድበት ከተማ፣ ብስክሌት ይጠግኑ ነበር። አንድ እሑድ ብስክሌቴን ከበሩ አጠገብ ሳስደግፍ እንደ ልማዱ ተዘረጋ። ጋሼ ተነስተው መጡ፤ ጎንበስ ብለው ማግኔቱን በአውራ ጣታቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«ልጄ፣ ስንት ከፈልክበት?»

ነገርኳቸው።

«በዚህ ሁሉ ገንዘብ አንዲት ማሰሪያ አልሰጡህም?»

«አልሰጡኝም፣ ጋሼ።»

«አሮጌ ካላማዳሪ አለህ?»

የቀየርኩት ቤት ነበረኝ። በሚቀጥለው እሑድ ይዤላቸው መጣሁ። በመቀስ ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት በቁመቱ ቀደዱት፣ አንዱን ጫፍ ከወንበሩ ዘንግ በታች አሰሩት፣ ሌላውን በሁለቱ ጎማዎች ራጂ መሐል አሳልፈው ወጠሩና መልሰው ራሱ ላይ ሸጎጡት። «እኛ ከኋላ መጫኛው ላይ ጆንያ የምናስረው በዚህ ነው። ጆንያው ቢወድቅ እንኳ ከነማሰሪያው ነው» አሉኝ። ብስክሌቱን አንስቼ ነቀነቅኩት። አልተነቃነቀም። ገለበጥኩት፤ ያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሌላ ታሪክ ነው። በመስከረም መጨረሻ ከቱሉዝ በሜዲትራኒያን ዳር እስካለችው ሴት (Sète) ከተማ በሚዲ ቦይ ዳር ሄድኩ። ፒየር ፖል ሪኬ ያስቆፈረው፣ እ.ኤ.አ. በ1681 የተከፈተው ይህ ቦይ 240 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። እስከ ኖሩዝ ኮረብታ ድረስ ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው። ኖሩዝ ከባሕር ወለል በላይ 189 ሜትር ላይ ያለች፣ ውኃው ግማሹ ወደ አትላንቲክ ግማሹ ወደ ሜዲትራኒያን የሚለይባት ቦታ ናት። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ አፈር፣ ጠጠርና የዛፍ ሥር ነው፤ 20 ኢንች ጎማ እያንዳንዷን ሥር ለእጅ አንጓ ይነግራል። ይህን መንገድ ሙሉውን በታጣፊ እሄዳለሁ የሚል ሰው ሰፋ ያለ ጎማ ይግጠም። ቦዩ ላይ ያጠሉ የነበሩት ትልልቅ ዛፎችም በፈንገስ በሽታ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በብዛት ተቆርጠዋል፤ አንዳንዱ ስፍራ ላይ አዲስ የተተከለው ችግኝ ገና ጥላ የለውም፤ ልብ ያሳዝናል።

በሁለተኛው ቀን ኦታን የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ደረቴን ይገፋኝ ጀመር። ፔዳሉን እየረገጥኩ የምቆም መሰለኝ። ከካስቴልኖዳሪ ግን የባቡሩ ሐዲድ ከቦዩ አይርቅም። ጣቢያው ገባሁ፣ አጠፍኩ፣ ላስቲኩን ወጠርኩ፣ መጀመሪያ በመጣው ባቡር ተሳፈርኩ። ብስክሌቱ ከበሩ አጠገብ ቆመ፤ እኔ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ! በመስኮቱ ሜዳውን እያየሁ፣ እጄ ባዶውን ጉልበቴ ላይ፣ ካርካሶን ደረስኩ። ይህ ብስክሌት እንዲሆንልኝ የፈለግኩት ይህንን ነበር፤ እንዲሆንልኝ ግን ስድስት ወርና አንድ አሮጌ ካላማዳሪ አስፈለገ።

እንግዲህ ግዙ ወይስ አትግዙ? በዚህ ዓይነት ማግኔት ብቻ የሚያያዝ ታጣፊ አትግዙ። ሱቅ ስትገቡ ሻጩ አጥፎ ሲያሳያችሁ አትደነቁ፤ እናንተ አንሱት፣ ወደ ጎን ነቅንቁት፣ አንድ እጃችሁን ለቅቃችሁ ደረጃ ውጡበት። የሚቆለፍ መንጠቆ ያለው ካገኛችሁ መቶ ዩሮ ቢጨምርም ያንን ውሰዱ። በታጣፊ ብስክሌትና በባቡር ፈረንሳይን ማየት ይገባል ወይ ካላችሁ ግን አዎ፣ ዛሬውኑ ተነሱ። የእኔን አትሸጠውም ወይ ላላችሁኝም፦ አልሸጠውም። ከሻምቦር ጫካ እስከ ሴት የባሕር ዳርቻ አብሮኝ ሄዷል፤ ጥፋቱም የእርሱ ሳይሆን የሠሪዎቹ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሱቁ ደውለው ሌላ ምትክ ማግኔት እንደደረሰ ነገሩኝ። ቅዳሜ ሄጄ አስገጥመዋለሁ፤ መብቴ ነውና። ላስቲኩን ግን አልፈታውም።