14 ወር ከአሮጌዋ ቮልስ ጋር፦ ሞተሩን ጣለው ላላችሁኝ ሁሉ

ሞተሩ እየሠራ ነው። ይኸው 14 ወር ሆነው።

መኪናዋ ባለ 1300 ሞተር ቮልስ ናት። ስገዛት ዘጠኝ ዓመት ቆማለች። ሞተሩ ነክሶ አልዞርም ብሏል። የመለዋወጫ ዕቃ ሻጮቹ ምክር አንድ ነበር፦ «አትልፋ፣ የታደሰ ሞተር ግዛ።»

አልገዛሁም። ጡረታ የወጡ አንድ መካኒክ ጋ ሄድኩ። «ሞተሪኖውን (ማስነሻ ሞተሩን) እንዳትነካ» አሉኝ። «መጀመሪያ በእጅህ አዙረው፤ እጅህ ይነግርሃል።»

አራቱንም ካንዴላ ፈታሁ። በየቀዳዳው ትንሽ ትንሽ ዘይት ጨምሬ ሦስት ቀን ተውኩት። ከዚያ የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ብሎን ላይ 30 ቁልፍ አስገብቼ ወደፊት ገፋ፣ ወደኋላ መለስ። በጉልበት አላስገደድኩትም። መግፋት በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አንድ ነገር ከእጄ ስር ላላ። የጣት ውፍረት ያህል ሄደ። ቀጥሎ እጥፉን ሄደ። ያቺን ቅጽበት መቼም አልረሳትም። ሙሉ ዙር ሲዞር አይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

የቀረው ሥራ ያን ያህል አልከበደኝም። 2.5 ሊትር ዘይት ቀየርኩ፣ የዘይት ወንፊቱን አጠብኩ። የቫልቮቹን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ በ0.15 ሚሊሜትር፣ የፑንቲናውን (የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳው መገናኛ) በ0.4 ሚሊሜትር አስተካከልኩ። ተነሳች።

ፈተናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ከነዳኋት ትጠፋለች። አምስት ደቂቃ ቆሜ ስሞክራት ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ አደረገችኝ። በሰው መንገድ መሀል ቆሜ ክላክስ ሲዘንብብኝ ምን እንደሚሰማ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሻጮቹ መልስ አላጡም። «ቦቢናው (ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ሲሞቅ ይዘጋል፣ ቀይረው።» ቀየርኩት፤ ያው ናት። «እንግዲያው ካርቡራተሩ ነው። ካልሆነም የቤንዚን ፓምፑ።» ዕቃውን አንዳቸውም ሳያዩት! እዚህ ላይ በጣም ተናደድኩ። ሁሉም የሚሸጠውን እንጂ የታመመውን አልጠየቀም።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሙቀት ቢሆን ኖሮ በቀዝቃዛ ጠዋት ትንሽ ትታገስ ነበር። እሷ ግን በቀዝቃዛውም ጠፋች። ዳገት ላይና በፍጥነት ስነዳት ደግሞ ቶሎ ትጠፋለች። ማለትም ብዙ ቤንዚን ስትፈልግ ነው።

ሜዳ ላይ አውጥቼ የቤንዚኑን ጎማ ከነዳጅ ታንከሩ ስር ነቀልኩና ጣሳ ደቀንኩበት። መጀመሪያ ወፍራም ሆኖ ወረደ። ቀጠነ። ክር አከለ። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ። ጎማውን በጣቴ ደፍኜ ጥቂት ቆይቼ ብለቀው እንደገና ወፍሮ ወረደ። መልሱ ይኼው ነበር። ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመ ዝገት እየተሳበ መውጫው ላይ ያለችውን ወንፊት ይደፍናል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ያቆማል፣ ዝገቱም ተመልሶ ይረግፋል። ለዚህ ነው ካረፈች በኋላ የምትነሳው።

ታንከሩን አወረድኩ። ቤንዚኑን ጨርሼ አስወጣሁ፣ በውሃ ደጋግሜ አጠብኩት። (ይህን ስትሠሩ እሳትና ሲጋራ አጠገባችሁ አይድረስ፤ ባዶ ታንከር ከሙሉው የባሰ አደገኛ ነው።) ውስጡ ቁራጭ ሰንሰለትና ኮምጣጤ ጨምሬ ስንጠው ዋልኩ። የወጣው ውሃ እንደ ሸክላ ቀልቶ ነበር። ታንከሩን በደንብ አድርቄ መለስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አልጠፋችም።

«አዲስ ብትገዛ ይህ ሁሉ ልፋት የለም» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ልፋት አለው፣ አልክድም። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቫልቮቹ ይለካሉ፤ የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ በሙቀት የመጎዳት ታሪክ ስላለው እሱን ሁለቴ ነው የምለካው። ግን ወንድሜ፣ አንተ የምትሸጥልኝ ዕቃ ነው። እኔ ያን ቀን ከጣሳው ያገኘሁትን ዕውቀት ከየትኛው መደርደሪያህ ታወርድልኛለህ? አሁን ድምጿ ትንሽ ሲለወጥ የት እንደምጀምር አውቃለሁ። ያ ለእኔ ከአዲስ ሞተር ይበልጣል።

እንደገና እገዛታለሁ ወይ? አዎ፣ ነገውኑ። ግን ሞተሩን ከመንካቴ በፊት ታንከሩን አወርዳለሁ።